የማኅደሩ መውጫ ፈቃድ

አቶ ምንውዬለት ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ወዲህ እሳቸው ያልፈረሙበት ዕቃ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት እንኳ የጽዳት ሠራተኛዋ የገዛ ጃንጥላዋን መውጫ ፈቃድ የለሽም ተብላ በር ላይ ተቀምታ፣ በዚያ ዝናብ ባዶ እጇን ቤቷ ገብታለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት፣ የሠራተኛው ሁሉ የግል ማኅደር ባንድ ላይ ስካን የተደረገበትን ፒዲኤፍ በየስሙ እንድትከፋፍል የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ አዘዟት። ያገኘችው ነፃ ፕሮግራም ሦስት ገጽ ይቆርጥና "ለቀሪው ይክፈሉ" እያለ ሲያበሽቃት አረፈደ። አቶ ምንውዬለት ለምሳ ሲወጡ ብቅ ብለው አዩና ጮኹባት።

"በነፃ የሚቆርጥ ድረ ገጽ ሞልቶ! ፋይሉን ጫኚው፣ ቆራርጦ ይመልስልሻል።"

"ጌታዬ፣ የሰው ደመወዝ አለበት፣ የሕክምና ማስረጃ አለበት። ማን እጅ እንደሚገባ አናውቅም እኮ።"

"ነፃ ነው እያልኩሽ! አሁኑኑ ጫኚ፤ አለዚያ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።"

ሴትዮዋም ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣችና ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። እንዲህ ይላል፦ "የሚወጣው ንብረት፦ የ412 ሠራተኞች ማኅደር፣ የሥራ አስኪያጁ ጭምር። የሚረከበው ሰው፦ አይታወቅም። የሚመለስበት ቀን፦ አይታወቅም።"

"ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?" አሉ አቶ ምንውዬለት።

"መውጫ ፈቃድ ነዋ፣ ጌታዬ። ጃንጥላዋስ የምታድርበት ቤት ይታወቅ ነበር፤ ይሄኛው የት እንደሚያድር ስለማላውቅ፣ ፊርማዎን ልያዝ ብዬ ነው።"