በመሐረብ የተጠቀለለ ድርሻ

አንድ ዲያቆን ነበረ፤ እምቢ ማለት የማይችል። ቁጭ በል ቃለአብ፣ ሻንጣህ አያመልጥህም። «የኔታ፣ የምማረው ካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲቆርቡ አብሬ ብሰለፍ ምን አለበት? እንዳላስቀይማቸው ብዬ እኮ ነው፤ ልቤ እንደሆነ የራሴ ነው» ብለህ ጠየቅኸኝ። አለበትም የለበትም አላልሁህም። መጀመሪያ ይህን ስማ።

ይህ ዲያቆን ጭንቅላቱ የሰላ ልጅ ነበር። ዜማውን ጠንቅቆ፣ የከተማውንም ትምህርት ጨርሶ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘና ባሕር ማዶ ሄደ። አገሩ የት ነው አትበለኝ፤ ባሕር ማዶ ነው፣ ይበቃሃል። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊኮች ነው። በሚሞላው ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ ነበረና «ኦርቶዶክስ» ብሎ ጻፈ። እነሱም አንብበው እንኳን ደህና መጣህ አሉት። ቀይር ያለው የለም፤ ቅዳሴያችን ግባ ብሎ የጎተተውም የለም። ደግ ሰዎች ነበሩ። የልጁ ጣጣ ደግነት መቋቋም አለመቻሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መቼም ታውቃለህ፤ ጠግቦ ሳለ «ብላ እንጂ» ካሉት ሦስቴ የሚበላ።

በመጀመሪያው እሑድ አዲስ ተማሪዎች ሁሉ ለቅዳሴ ተጋበዙና ሄደ። መሄዱ ምንም ክፋት የለውም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ከረድፉ መሀል ተቀመጠ። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ በግራና በቀኙ ያሉት ተነሡ። እኛ ዘንድ ብዙው ሕዝብ አስቀድሶ ይሄዳል እንጂ አይቆርብም፤ ስለዚህ ቆሞ የቀረን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚያ ግን ረድፉ በሙሉ የተነሣ መሰለው። እግሩን ሰብስቦ ቢያሳልፋቸው ያበቃ ነበር። እሱ «ንቆናል ይሉኛል፣ ኮርቷል ይሉኛል» አለና ከኋላቸው ተሰለፈ።

ቁርስ በልቶ ነበር። ልብ በል፤ አገሩ ሳለ ለቅዳሴ ሲገባ ውኃ በአፉ የማይዞር ዲያቆን እንቁላል በልቶ ተሰለፈ። ካህኑ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ተማሪው ሁሉ አባ ይላቸዋል። ስሱን ነጭ ኅብስት በመዳፉ ላይ አኖሩና «ሥጋ ክርስቶስ» አሉት። «አሜን» ብሎ ተቀበለ። ወደ ቦታው ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር። በሁለተኛው እሑድ ላቡ ቀነሰ። በአምስተኛው ምንም አልተሰማውም፤ ከተቀበለ በኋላ ስለ ፈተናው ያስብ ጀመር። ይህን ሲያጫውተኝ እኔ ራሴ ክው ነው ያልሁት። ሰው ቶሎ ይለምዳል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነርስነት የምታጠና አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣች። ስለ ክርስትና የምታውቀው ነገር የለም። መዝሙሩ ደስ ስለሚላት ብቻ እሑድ እሑድ እየመጣች ከኋላ ትቀመጣለች። ሁለቱም ባይተዋር ናቸውና ተግባቡ፤ ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር። የማታውቀውን ነገር ሁሉ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

አንድ ቀንም «ከእነሱ አይደለሁም ብለኸኝ ነበር፤ ታዲያ ያን ነጭ ነገር ለምን ትበላለህ? ምንድን ነው እሱ?» አለችው። እንግዲህ እውነቱን ቢነግራት፣ ክቡር ቁርባናቸው ነው፣ የእኔ ግን አይደለም ቢላት፣ «ታዲያ ለምን ትቀበላለህ?» ማለቷ አይቀርም። አፈረ። ሾርባውን እያማሰለ «ምንም አይደለም፤ ለጋባዥ የሚደረግ አክብሮት ነው። የቀረበልህን መመለስ ነውር ነው» አላት።

«በእኛም አገር እንደዚሁ ነው» አለችና ደስ አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ዲያቆን ነው እኮ ይህን ያለው፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚቀመጥበትን መሶበ ወርቅ ሲያይ በግንባሩ ይሰግድ የነበረ ሰው።

ብርዱ ሲገባ ዲያቆኑ ታመመ። አንድ እሑድ ትኩሳት ይዞት ከቅዳሴ ቀረ። በምሳ ሰዓት ግን እንደምንም ተነሥቶ፣ ትኩስ ነገር ልቅመስ ብሎ ወደ ምግብ አዳራሹ ወረደ። ልጅቱ ቦታ ይዛለት ስትጠብቀው ነበር። ከኪሷ መሐረብ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ነጩ ኅብስት ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል።

«ታምመህ ስለቀረህ ተሰልፌ ድርሻህን ተቀበልሁልህ» አለችው።

ዲያቆኑ ደነዘዘ። አብራቸው የተቀመጠች አንዲት የካቶሊክ ልጅ አየችና ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፤ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብላ ጮኸች። ምሥራቃዊቷ ደንግጣ መሐረቡን ወደ ራሷ ሳብ ስታደርገው ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ተበተነ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

አባ እሑድ እሑድ ከተማሪዎች ጋር ነው የሚበሉት። መጡ፣ አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አልተቆጡም፣ ማንንም አልጠየቁም። ያን የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው በሰው ሁሉ ፊት ተንበረከኩ። ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ፍርፋሪውን ከወለሉ አንድ በአንድ እየለቀሙ ተቀበሉት፤ መጨረሻ ላይ መሐረቡን ራሱን በከንፈራቸው አበሱት። ዲያቆኑ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ያውቃል። እኛ ዘንድስ ፍርፋሪ ቢወድቅ ካህኑ ምን ያደርጋል? ይኸንኑ አይደል? ለካስ «ምንም አይደለም» ያለው ነገር ይህ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

የተማሪዎች ኃላፊው ልጅቱን እዚያው አዳራሹ ውስጥ በሰው ፊት አስጠሩ። ያኔ ብዙ ሰው ሆን ብላ ያላገጠች መስሎት ነበር፤ ደሙ የፈላም ነበር። «ማን አድርጊ አለሽ?» አሏት። ዞር ብላ ዲያቆኑን አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «ማንም» አለች። እሱ እምቢ ማለት እንደማይችል፣ እሷም ሰው ማጋለጥ አትችልም። ኃላፊው ነገሩ ሐሙስ በጉባኤ እንደሚታይ፣ ጥፋቱ ከጸናባት ከትምህርቷ ተሰናብታ ወደ አገሯ እንደምትመለስ ነገሯት። ለመመረቅ አንድ ዓመት ነው የቀራት፤ ከተመለሰች ሌላ ዕድል የላትም።

ዲያቆኑ ይህን በጆሮው ሰምቶ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም የሚሉትን አትመን፣ ይነቅዛል። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም። ብናገር ያባርሩኛል፣ አገር ቤት ያሉት አባቶች ምን ይሉኛል እያለ ይሉኝታውን ያሰላል። ልጅቱ ደግሞ ብቻዋን ትበላለች፤ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። እሱም አልተቀመጠም።

ረቡዕ የቀትር ቅዳሴ ነበረ። ዲያቆኑ ገባና እንደ ልማዱ ከረድፉ መሀል ተቀመጠ። የቁርባን ሰዓት ደረሰ፤ ጎረቤቶቹ ተነሡ። ሊነሣ ቃጣውና ያ መሐረብ ዓይኑ ላይ መጣበት። እግሩን ሰበሰበ። በጉልበቱ ፊት እየታከኩ አለፉ፣ እሱ ተቀመጠ። በሕይወቱ ሙሉ የሠራው ትልቁ ሥራ ይኸው መቀመጡ ነው፤ አትሳቅ። አባ ከፊት ሆነው አዩት። ጽዋውን እንደያዙ ጥቂት ቆሙና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሕዝቡ ሲወጣ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። «ዛሬ ለምን ቀረህ?» አሉት።

«አባ፣ መጀመሪያም መነሣት አልነበረብኝም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዲያቆን ነኝ። ልጅቱንም ምንም አይደለም ብዬ ያታለልኋት እኔ ነኝ» አለና አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ሽማግሌው ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በኋላ «ሥጋ ክርስቶስ ስልህ አሜን ትለኝ ነበር፤ ለማን ነበር የምትለው?» አሉት።

«ለሰው ዓይን ነው አባ» አለ።

«እኔ ግን አምኜህ ነበር» አሉ፤ ዕንባቸው መጣ። «ብትቀመጥ ማን ምን ይልህ ነበር? ከተጣላሁት ሳልታረቅ አልቀርብም ብሎ የሚቀመጥ ከእኛው ልጆች መካከል ስንት አለ መሰለህ። በየሳምንቱ ከፊትህም ከኋላህም የሚቀመጥ ነበረ። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ አላየህም?»

አላየም ነበር። ጎረቤቶቹ ሲነሡ እንጂ ሌላው ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም። ሁሉ ያየኛል ብሎ ሲጨነቅ የከረመ ሰው፣ ማንንም ሳያይ ከርሟል። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠው።

ሐሙስ ጉባኤው ፊት ቆሞ ደገመው። ልጅቱን በነጻ ለቀቋት። እሱንም አላባረሩትም፤ ብርቱ ተግሣጽ ሰጥተው ትምህርቱን ተዉለት። እኔ ብሆን መተዌን እንጃ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ይቅርታ ሊጠይቃት ቀረበ። ትሰድበኛለች ብሎ ነበር፤ አልሰደበችውም። «ክቡር መሆኑን ብትነግረኝ በእጄም አልነካው ነበር» አለች። ትንሽ እንደ ማሰብ ብላ፣ «በአገርህ በመቅደስ የምታገለግለውስ? እሱም ምንም አይደለም?» ስትል ጠየቀችው።

ነገር ለማዋዛት አይደለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። እሱ የሚላትን እንጂ ሌላ የምታውቀው የላትም። ዲያቆኑ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ክቡር ነው ቢላት፣ ስለዚያኛውም የዋሸው ይኸው አፍ ነው፤ በምን ትመነው? ቆሞ ቀረ። እሷም መልስ እንደማይመጣ ስታውቅ ሄደች።

እንግዲህ ቃለአብ፣ ዲያቆኑ አንተ ነህ። ገና ሳትሳፈር ነው ያገኘሁህ እንጂ አንተው ነህ። እንዳላስቀይማቸው አልኸኝ፤ አየህ እንዴት አድርጎ እንዳላስቀየማቸው? ሽማግሌውን ወለል አስልሷል። ልቤ የራሴ ነው አልኸኝ፤ ልብህን ማን ያየዋል? ያቺ ልጅ ያየችው እግሩን ነው፣ እግሩም ወደ ሰልፍ ሄደ። አንተንም ምንም የማያውቅ ሰው ከኋላ ሆኖ ያይሃል። አንተ በአክብሮት ስም የቀለድህበትን፣ እሱ እውነት ብሎ በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣልሃል።

ሂድ፣ ተማር። ቤተ ክርስቲያናቸው ግባ፣ ዝማሬያቸውን ስማ፤ ደግ ሲያደርጉልህ አመስግናቸው። ሲነሡ ግን እግርህን ሰብስበህ አሳልፋቸው። ለምን ተቀመጥህ ብለው ቢጠይቁህ፣ ክቡር ስለሆነ ነው በላቸው። ያን ጊዜ ስለ ራስህ ቤት ስትነግራቸው ያምኑሃል።