የጅቦ እናትና የጃርት እሾህ

አንድ ጊዜ፣ ብርድ ሊገባ ባለ ሰሞን፣ አያ ጅቦ ከአሮጊት እናቱ ጋር በአንድ ዋሻ ይኖር ነበር። ሆዳምነቱን አገር ያውቀዋል፤ ብልሃት ሲታደል ደግሞ የት እንደነበር እንጃለት። ያም ሆኖ እናቱን ይወዳል። ጥርሶቿ ስለረገፉ ሥጋውን በገዛ አፉ አላምጦ ያጎርሳት ነበር።

በዚያ ጫካ ብርድ በገባ ቁጥር ክፉ ሳል ይነሳል። ወጣቱን አንገላትቶ ይተወዋል፤ ሽማግሌ ደረት ውስጥ ከገባ ግን አይወጣም። እመት ጃርት መላ አግኝታለት ነበር። መድኃኒቷን በእሾኋ ጫፍ እየነከረች፣ ሳሉ ሳይመጣ ትከሻ ላይ ትወጋለች። «መጀመሪያ አዛውንቶች!» ብላ ስታስነግር፣ አሮጊቷ እትዬ አህዪት ቀድማ ሄዳ ተወጋች።

የጅቦ እናትም «ልጄ፣ እኔንም ውሰደኝ» አለችው። «እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እንጂ ብቻዬን እሄድ ነበር። አምና እህቴን የወሰዳት ይኸው ሳል አይደል? እፈራለሁ።»

«ምን ገዶኝ እማዬ! አዝዬሽ እሄዳለሁ» አላትና ጎንበስ አለ።

ይሄኔ ቀበሮ ከች አለች። ገደል የገባ በሬ አግኝታ፣ ቆዳውን የሚቀድላት ጠንካራ መንጋጋ ስትፈልግ ነው የመጣችው።

«ወዴት ነው አያ ጅቦ?»

«እማዬን ላስወጋ።»

«አበስኩ ገበርኩ! እትዬ አህዪት ተወግታ፣ ትከሻዬን አመመኝ ስትል መዋሏን አልሰማህም? ደግሞስ እናትህ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው ተወግታ ነው እንዴ? ይልቅ ገደሉ ሥር አንድ የሰባ በሬ ወድቋል። ዛሬ ካልደረስን አሞራ ይጨርሰዋል።»

የአያ ጅቦ ለሃጭ ተዝረበረበ። «እማዬ፣ ነገ እወስድሻለሁ» አላት።

«እሺ ልጄ» አለች እናቱ፤ ሌላ ምን ትበል!

በሬው ዘንድ ያልመጣ የለም። ጅቡም ተኩላውም ተጋፍቶ ይበላል፤ አንዱ ይስላል፣ ሌላው ያነጥሳል። አያ ጅቦ ለዚያ ደንታ አልነበረውም። በማግስቱም እዚያው ዋለ፤ ከዚያም በኋላ። እናቱ ትዝ ያለችው አጥንቱ ሲያልቅ ነው። ከአፉ ቀንሶ ያስቀረላትን ጉበት ይዞ ገባ። ጉሮሮውን ይከረክረው ነበር፤ ከቁብ አልቆጠረውም። ጉበቱን አላምጦ አላምጦ አጎረሳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ተባረክ» አለችው።

እሱ ጥቂት ስሎ ዳነ። እሷ ግን ተኛች። ትንፋሽ ሲያጥራት አዝሏት እየሮጠ እመት ጃርት ደጅ ወደቀ።

«በፈጠረሽ ውጊያት! አሥር ጊዜም ቢሆን ውጊያት!»

ጃርቷ የአሮጊቷን ደረት አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች። «የኔ መድኃኒት ሳሉ ሳይመጣ ሰውነትን የሚያዘጋጅ ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። የገባውን አያስወጣም። ምነው ያኔ ብታመጣት?»

አያ ጅቦ እናቱን መልሶ አዘላት፤ ወደ ዋሻቸው ሳይደርሱ ጀርባው ላይ እንዳለች አረፈች።

ቀበሮ ለቅሶ መጥታ «እግዜር ያጥናህ። መቼም አርጅታ ነበር፤ ቀኗ ደርሶ ነው» አለችው።

አያ ጅቦ ቀና ሲል እትዬ አህዪትን አያት። የእናቱ እኩያ ናት። እሷንም ያው ሳል ይዟት ነበር፤ ትንሽ አንገላትቷት ተዋትና በእግሯ ለቅሶ ደረሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አህያ አጠገቡ ተቀምጣ በደህና አትነሳም ነበር፤ ያን ቀን ግን መብላትም አላማረውም።

«ቀኗስ አልደረሰም ነበር» አላት ቀበሮን እያለቀሰ። «ከበሬው ያመጣሁትን ሳል በገዛ አፌ አጉርሼ የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ከዚህ የምንማረው አረጋውያኖቻችንን የምንወድ ከሆነ በሽታው ሳይመጣ በጊዜ ማስከተብ እንዳለብን፣ ከመጣ በኋላ አዝሎ መሮጥ ግን እንደማይመልሳቸው ነው።