በበር ስንጥቅ የተጠየቀ እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ያለ እንግዳ እራት አይወርድልኝም የሚል። ስንዱ፣ ልጄ፣ አታቋርጪኝ። ሐኪሟ የፅንሱን ጤና የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ ብላሻለች፤ ባልሽም «ልጄ ከሰው ልጅ እንዳያንስ» እያለ እንቅልፍ አጥቷል፤ እናድርገው ወይስ ይቅርብን ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚ።

ያ ያልኩሽ ሰው እንግዳ ይወድ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና፣ የሚወደው ስመ ጥሩውን ነው፤ ዳኛውን፣ ነጋዴውን፣ ባለ በቅሎውን። «ትናንት እገሌ እኔ ቤት አደረ» ማለት ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ደጁ ተንኳኳ።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አስጠጉኝ!»

ሰውየው በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። «ምነው እግርህን?» አለ።

«አንዱ አይታዘዘኝም፤ ከልጅነቴ ነው» አለ እንግዳው።

በቃ! ሰውየው መቀርቀሪያውን እንደያዘ ቀረ። ትንሽ ይስበዋል፣ መልሶ ይገፋዋል። «ማን ይሸከመዋል? እስከ መቼ ይቀመጥብኛል? ጎረቤትስ ምን ይለኛል?» ይላል። ውጭ ያለው ሰው በብርድ ይንዘፈዘፋል።

ይሄኔ ሚስቱ ከውስጥ ጮኸች፤ «አንተ ሰው፣ የትኛው እግርህ ነው?»

«ግራው ነው፣ እሜቴ።»

ባሏ ተቆጣ። «እኔ ጠይቄው የለም እንዴ? የትኛውም ቢሆን ምን ያደርግልሻል?»

«መኝታውን በየት በኩል እንደማነጥፍለት ልወቅ እንጂ! በደህናው እግሩ መነሳት አለበት» አለችና እጁን ከመቀርቀሪያው ፈልቅቃ በሩን ከፈተችው።

እንግዳው መልአክ ሆኖ ተገኘ አልልሽም። ሰው ነበር። አስቸገራቸው፤ አሳቃቸውም።

እና ልጄ፣ ሁለቱም የጠየቁት ስለ አንድ እግር ነው። እሱ በሩን ይዞ ጠየቀ፤ እሷ ልታነጥፍ ጠየቀች። ምርመራውን አድርጊም አታድርጊም አልልሽም፤ ማወቅ ኃጢአት አይደለም። ብቻ ደምሽን ከመስጠትሽ በፊት ከባልሽ ጋር ተቀመጡና ለምን እንደምትጠይቁ ተነጋገሩ። መልሱ ከመጣ በኋላማ ሰው ልቡን አያገኘውም።

ምነው አለቀስሽ? ፈራሽ? ፍሪ እንጂ! ያቺ ሴት ጀግና መሰለችሽ እንዴ? ስታነጥፍ እሷም «ማን ይሸከመዋል?» ትል ነበር። ቢሆንም አነጠፈች።