የእትዬ ስንዱ ጉርሻ

አንድ ከተማ ውስጥ እትዬ ስንዱ የምትባል ደግ ሴት ነበረች። ደግነቷ ግን ማምለጫ የለውም! ቤቷ የገባ ሰው "ጠግቤያለሁ" ቢል አትሰማም። "አንድ ያጣላል" ትልና ሁለተኛውን ታጎርሰዋለች። ሰውየው አፉ ሞልቶ መናገር ሲያቅተው "ዝም አልክ፤ ጣፈጠህ ማለት ነው" ብላ ሦስተኛውን ትጠቀልላለች። የሰፈሩ ሰው ይስቅባታል፤ ይወዳታልም።

ደምሰው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ስለነበር አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ጎልምሶ ልብስ ሰፊ ቢሆንም ለእሷ ያው ልጇ ነው። ይህን ደምሰው የሐሞት ጠጠር አሠቃየውና ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል አሉት። ቀኑ ተቆረጠ፤ ሆስፒታል ገብቶ ተኛ። ነርሷም "ከማታ ጀምሮ ምንም ምግብ እንዳይቀምስ" ብላ አስጠነቀቀች።

"በባዶ ሆድ እንኳን ቢላዋ ንፋስም አይቻልም! እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ?" አለች እትዬ ስንዱ። ጎህ ሲቀድ ጨጨብሳውን በቅቤ አራሰችና ምሳ ዕቃውን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ሆስፒታል ደረሰች። ነርሷ ዘወር ስትል ክዳኑን ከፈተች።

"እትዬ፣ አትብላ ብለውኛል እኮ" አለ ደምሰው።

"እኔ ልሙት! ይቺን ብቻ!"

እኔ ልሙት ከተባለማ ምን ይደረጋል? ጎረሰ። አንድ ደግሞ ያጣላል፤ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ተከተሉ።

ትንሽ ቆይታ የማደንዘዣ ባለሙያዋ መጣችና "የቀመስከው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችው። ደምሰው እህቱን አያት፤ እህቱ መሬት መሬት አየች። "ኧረ ምንም" አለ፣ እሷን ላለማሳጣት ብሎ። ባለሙያዋና ነርሶቹ አልጋውን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መግፋት ጀመሩ። እትዬ ስንዱም ከጎኑ እየተከተለች "ጎሽ የኔ ልጅ" አለች በልቧ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ግን አልጋው ቆመ። የዚያ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ዶክተር ምንተስኖት አንድ ልማድ ነበረው። በሽተኛ በዚያ በር ከማለፉ በፊት ረዳቱንም፣ ነርሷንም፣ ቤተሰቡንም በአንድነት ያቆማል። ስሙን ከራሱ ከበሽተኛው አፍ ይሰማል፤ የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያስጠቁመዋል። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ይዞራል።

"እናቴ፣ ይህን የምጠይቀው ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም" አላት። "የበላ ሰው ማደንዘዣ ሲይዘው ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ይመለስና ሳንባው ሊገባ ይችላል። እጃችን ላይ ሊሞት ይችላል። እዚህ በር ላይ የተናገረ ሰው አይወቀስም፣ ይመሰገናል። የሚነግሩኝ ነገር ይኖር ይሆን?"

እትዬ ስንዱ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። ምክንያቱን እስከዚያች ሰዓት የነገራት ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መዋረድ አለ፤ በዚያ ላይ ወንድሟን ውሸታም ማስባል ነው። ደምሰውን አየችው። እሱም "ተይው" በሚል ዓይን ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ያ ድክ ድክ የሚለው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

"አጉርሼዋለሁ!" ብላ ጮኸች። "ጨጨብሳ! ያውም በቅቤ! እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ቅጡኝ!"

እትዬ ስንዱ ቁጣውን ልትቀበል አንገቷን ደፋች። ዶክተሩ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ነርሶቹ አጨበጨቡ። የማደንዘዣ ባለሙያዋማ አላስቻላትም፤ እልልታዋን አቀለጠችው!

"እያላገጣችሁብኝ ነው?" አለች እትዬ ስንዱ ግራ ገብቷት።

"ኧረ በጭራሽ!" አለ ዶክተሩ። "ዛሬ ወንድምዎን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ጥፋቱማ የኛ ነው። አይብላ ብለን አዘዝን እንጂ ለምን እንደሆነ አላስረዳንም።"

ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ተላለፈ፤ ደምሰውም በባዶ ሆዱ ገብቶ በሰላም ወጣ። እትዬ ስንዱ በደስታ አለቀሰች። ከዚያስ? ከዚያማ አልጋው አጠገብ ዘበኛ ሆና ቁጭ! አጥሚት የያዘው፣ ገንፎ የተሸከመው ዘመድ ሲጎርፍ "ሐኪሙ ሳይፈቅድ ውሃም ቢሆን አይገባም!" ትላለች። ግን ዝም ብላ አትከለክልም፤ ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርጋ ታስረዳለች። ቁስሉን ልይ ብሎ እጁን የሰደደውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ መታጠቢያው ትሸኘዋለች። "እትዬ ስንዱ ምግብ ከለከለች!" ተብሎ ሰፈሩ ጉድ አለ።

ደምሰው እንዲበላ በተፈቀደለት ቀን ምሳ ዕቃው ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ግን የዶክተሩ ሆነች። "ኧረ ሥራ ላይ ነኝ" ቢል ማን ሰምቶት! አፉ ሞልቶ ሲታገል ደምሰው ቁስሉን ይዞ ሳቀ። "አንድ ያጣላል" አለች እትዬ ስንዱ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

ወዳጆቼ፣ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱን ያልነገሩት ፍቅር የሚወደውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ስትከለክሉ አስረዱ። እውነት ይዞ የመጣውንም አታሳፍሩት። ያ ሐኪም ቁጡ ቢሆን ኖሮ እትዬ ስንዱ ዝም ትል ነበር፤ ደምሰውም ያን ቀን በዚያ በር ገብቶ ላይመለስ ይችል ነበር።

እናንተስ? ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ "አጥፍቻለሁ" ብሎ የመጣ ሰው በር ላይ የሚጠብቀው ቁጣ ነው ወይስ እልልታ?