ጋሽ ተሻገር ሳቅ የከለከሉበት እሑድ

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ፕሮግራመር ነበረች። ከሙያ ጓደኞቿ ጋር የምትገናኘው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። እሑድ እሑድ ሥራ ስለሌለ ሁሉም እዚያ ተሰብስቦ ይቀላለዳል፤ አንዱ የራሱን ስህተት አውጥቶ ያስቃል፣ ሌላው እንቢ ያለውን ኮምፒውተር እንዴት እንደረገመው ይተርካል።

የግሩፑ ባለቤት አቶ ተሻገር ነበሩ። አብዛኞቹን ቀጥረው የሚያሠሩ፣ የድርጅቱን የመጀመሪያ ፕሮግራም በእጃቸው የጻፉ፣ ይህንንም ማውራት የማይሰለቻቸው ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ድንገት ገብተው፣ «ይህ የሙያ ቤት ነው ወይስ የአዝማሪ ቤት?» ብለው ጻፉ።

ሌሎቹ የጻፉትን ቀልድ ማጥፋት ጀመሩ። እሷ ብቻ፣ «ጋሼ፣ እሑድ እኮ ነው፤ ትንሽ ብንስቅ ምን አለበት?» አለች።

አቶ ተሻገር ባሰባቸው። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኮድ ስጽፍ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም! ኮድ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ። አለዚያ ከግሩፑ አስወጣሻለሁ፤ ነገ ደግሞ ቢሮዬ እንነጋገራለን» አሏት።

ጓደኞቿ በውስጥ መስመር፣ «በእናትሽ፣ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ» እያሉ ለመኗት። እሷ ግን እንዲህ ስትል መለሰች፦

«እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ሲጽፉት አያስቅም። የሚያስቀው እኛ ስናነበው ነው።»

አቶ ተሻገር እየጻፉ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለ። በመጨረሻ የላኩት ግን ቃል አልነበረም፤ እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ፊት ነበር።