የጠፋው አሞሌና ሁለቱ ድመቶች

አንድ ጊዜ፣ የዱርና የቤት እንስሳት ከአንድ ወንዝ ወዲህ፣ በአንድ ሕግ ሥር ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ዋርካው ሥር የተቀመጠው አሞሌ ጨው ጠፋ። አሞሌው የሁሉም ነበር። በየቅዳሜው ተራ ገብተው ይልሱታል፤ ክረምቱ እስኪወጣ የሚያብቃቃቸውም እሱ ብቻ ነው። ከበረሃ ተሸክሞ ያመጣው አህያ ነው፤ የጀርባው ገጣባ ገና አልደረቀም።

እንዳገሩ ልማድ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲጠራ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ማንም እህል ውሃ አይቀምስም። ዳኛው አንበሳ ነበር። ዳኛም ቢሆን ቁርሱን አልበላምና ትዕግሥቱ አጭር ነበር።

ፀሐይ ከፍ እያለች ሄደች። በሬ ያዛጋል፣ ፍየል ትቁነጠነጣለች፣ በግ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ከሁሉ የባሰባት ግን ቡሬ የተባለችው ድመት ነበረች። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች፣ የእያንዳንዱን እግር እያሸተተች ትዞራለች። እህቷ ዳለቻ ዋርካው ሥር ተጋድማ በአንድ ዓይኗ ታያለች። መርምሩ ብሎ የሾማቸው የለም፤ ድመት ግን የተሸፈነ ነገር ካየች አያስችላትም። ለቡሬ ደግሞ ጉዳዩ ከዚያም በላይ ነው። ብርድ ሲሆን የምትተኛው አህያው ጀርባ ላይ፣ ገጣባውን እየሸሸች ነውና።

ቀበሮ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ነገሩን ባናስረዝመው። አህያ ከሚያድርበት ቦታ የጨው ፍርፋሪ ተገኝቷል። የጨውን ነገርስ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

አህያ ጆሮውን ጣለ። «በረሃውን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ተጭኖ ያልላስኩትን ዛሬ እሰርቃለሁ?»

«ያኔማ አፍህ ከጀርባህ አይደርስም ነበር» አለ ቀበሮ።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ቀበሮም ሳቁ ሳይበርድ ዞር ብሎ «እሱ ነው አይደለም?» ሲላቸው፣ ርቧቸዋልና፣ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» አሉ። አንበሳም ራሱን ነቀነቀ። ሌባ ቅጣቱ ወንዙን መሻገር ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሕግ የለም፣ ጅብ እዚያ ያገኘውን ቢበላ ጠያቂ የለበትም። ጅብ ከወዲሁ የአህያውን ታፋ በዓይኑ ይመትር ጀመር።

«የዋርካው ጥላ ከግንዱ ሥር ሲገባ እፈርዳለሁ» አለ አንበሳ።

ቡሬ ወደ እህቷ ሮጠች። «ጥላው እያለቀ ነው። ሁሉንም አሸተትኩ፣ አቧራና ላብ ብቻ ነው የሚሸቱት። ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ፤ አንቺን ሳይ እኔም ደከመኝ» አለች ዳለቻ። «ይልቅ አያ ጅቦን አየሽው? ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ልውረድ እያለ ፈቃድ ይጠይቃል። ቅድም ደግሞ ከሣሩ ላይ ጤዛ ሲልስ ነበር።»

«በዚህ ፀሐይ ማን ያልጠማው አለ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ሁሉም ጠምቶታል፣ ሁሉም ርቦታል። ግን ጅብን ጥሙ ከረሃቡ በልጦበት መቼ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ቡሬ የቀረውን አልሰማችም። አንበሳ ፊት ደርሳ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ከወንዙ ማዶ ታድኖ ለምሳ የተቀመጠልዎ የድኩላ ታፋ እዚህ መሐል ይምጣ። አጠገቡ በገበቴ ውሃ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ይቅረብና ከሁለቱ የወደደውን ይቅመስ።»

ቀበሮ ነገሩ አላማረውም፤ ግን ሳቀ። «ይኸው፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ሥጋ አማራትና ፍርድ ታስቆማለች።»

«ፍቀዱላት» አለ አንበሳ፤ የታፋው ነገር ሲነሣ እሱም ምራቁን ውጦ ነበር።

ቡሬ ቀድማ ቀረበችና ከሥጋው ቦጨቀች። ዳለቻም እንደ ምንም ተነሥታ ሥጋውን ቀመሰች። ቀበሮ ለሥጋ እምቢ የሚል አንጀት የለውምና ቦጨቀ። በሬ፣ ፍየልና በግ ውሃ ተጎነጩ። አህያም ከውሃው ጥቂት ጠጥቶ ተመለሰ።

የጅብ ተራ ደረሰ። ቀበሮ «ሥጋውን፣ ሥጋውን» እያለ በጥርሱ መሐል አንሾካሾከ። ጅብ ግን ታፋውን ረግጦት አለፈና አፉን እስከ ዓይኑ ድረስ ገበቴው ውስጥ ነከረ። ታች እስኪደርስ ጠጣ። ገበቴውን ላሰው። ቀና ብሎም «ሌላ የለም?» አለ።

«አያ ቀበሮ እውነቱን ነው» አለች ቡሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቷ ዝም ብሎ። «ድመት አመሏን አልረሳችም፣ ቀበሮም አልረሳም። አያ ጅቦ ግን ሥጋ ረግጦ ወደ ውሃ ሄደ። ጅብን አመሉን የሚያስረሳው ምንድን ነው?»

የመለሰው አህያ ነው፣ ቀስ ብሎ። «ጨው ነው። በረሃ ላይ አውቀዋለሁ። የጨው ጥም ሌላ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጅብ ዞረ። ጅብም ወደ ቀበሮ ዞሮ አኮረፈ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ፍርፋሪውን አህያ ቤት በትነህ የቀረውን ቅበረው አልከኝ እንጂ፣ አትላሰው አላልከኝም፤ ላስኩት፣ አለቀ። አህያው ከተሻገረ በኋላም ሥጋውን እኩል እንካፈለዋለን ያልከው አንተ ነህ።»

የዋርካው ጥላ ከግንዱ ሥር ሳይገባ ቀበሮና ጅብ ወንዙን ተሻገሩ። ማዶ ሆነው እስኪጠፉ ድረስ ይነካከሱ ነበር።

አንበሳ አህያን ጠራው። «ተበድለሃል። ካሳህን ተናገር።»

አህያ ዞሮ ጎረቤቶቹን አያቸው። ልቡ አዝኖ ነበር፣ አልደበቀውም።

«ቀበሮ ጠላቴ ነው፣ ከእሱ አልጠብቅም። እናንተ ግን ይህን ገጣባ በየቀኑ ታያላችሁ። ካሳ አልፈልግም። ጨው የለንምና እንደገና በረሃ መውረዴ ነው፤ ‹እሱ ነው› ያለ ሁሉ አብሮኝ ይውረድና ይሸከም።»

በሬ መሬት መሬት አየ። ፍየል መቁነጥነጧን ተወች። በመጨረሻ አንበሳ ራሱ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር» አለ፤ ወርዶም ከአህያው ጎን ቆመ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ በአንድ ተነሡ።

ቡሬ ይህን ሁሉ አላየችም። አህያው ጀርባ ላይ ወጥታ፣ ገጣባውን ሸሽታ፣ ጥቅልል ብላ ተኝታለች።

ከዚህ የምንማረው ብዙ አፍ ተባብሮ «እሱ ነው» ባለ ጊዜ፣ ከሚጮኸው አፍ ይልቅ አመሉን የረሳውን መመልከት እንደሚበጅ፣ ቸኩሎ የፈረደም የበደለውን ሰው ሸክም መካፈል እንዳለበት ነው።