የራሱን እህል የቀበረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ቆዪ ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ባንክ ቤት እሠራለሁ፤ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ገንዘቤን ምን ላድርገው እያለ ይመጣብኛል። ታዲያ የገንዘብ አማካሪ ለመባል ደግሞ እንደገና ልማር? እንደገና ፈተና ልቀመጥ?» ነው ያልሽኝ። መጀመሪያ የሰውየውን ታሪክ ስሚ።

ሰውየው በሚኖርበት ቆላ አገር እህል የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓዱ እንደ እንስራ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል። ግድግዳው በእሳት ይደርቃል፣ በእበት ይለሰናል፣ ገለባ ይነጠፍበታል። ከዚያ ማሽላው ይገባና አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሥራው ደህና ከሆነ እህሉ ክረምቱን ይሻገራል። ካልሆነ ግን ባለቤቱ የሚያውቀው ሲከፍተው ነው፤ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ሳህን ይዘው እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ የአገሩ ሰው አንድ ደንብ ነበረው። የጉድጓድ ሙያ የተማረ ሰው የሌላውን እህል ከመቅበሩ በፊት የራሱን ይቀብራል። ክረምቱ ሲያልፍ ሽማግሌዎች ባሉበት ይከፈታል። እህሉ ንጹሕ ከሆነ «ባለሙያ» ይባላል፤ ካልሆነ ያው ተማሪ ነው።

ይህ ሰው ከአንድ አዛውንት ባለሙያ ሥር ሆኖ ተማረ። እጁ ፈጣን ነበር፤ ኩራት ቢጤም አያጣውም። አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በገበያ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው ይፈልግ ነበር። ጊዜው ሲደርስ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ የቤቱን ማሽላ አብዛኛውን ቀበረበት።

በማግስቱ አንድ ባለጸጋ መጣ። አዝመራው ሞልቶ ማስቀመጫ ጠፍቶታል፤ አዛውንቱ ባለሙያ ደግሞ ታመው ተኝተዋል፤ ሌሎቹም ባለሙያዎች በሌላ ሰው ሥራ ተይዘዋል።

«ለኔም ቆፍርልኝ፤ አንዲት የምትታለብ ላም እሰጥሃለሁ» አለው።

የሰውየው ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ በቤቱ ወተት የለም። ልቡ ለሁለት ተከፈለ። እችላለሁ ብሎም ያምናል።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዴ ገና አልተከፈተም» አለ በመጨረሻ። «ተማሪ ነኝ።»

«መቆፈር ታውቅ የለም እንዴ? ወይስ ፈራህ?»

«መቆፈሩንስ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ገና አልተፈተነም።»

ባለጸጋው ሰድቦት ሄደ። እህሉን ጎተራ ውስጥ አከማቸው፤ ከፊሉን ነቀዝ በላበት፣ የቀረው ተረፈለት። ሰውየውን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር «ፈሪው!» ይለው ጀመር። ይህ ነገር ሰውየውን አንገበገበው። «ቆይ፣ ሲከፈት ታየኛለህ» እያለ ከረመ።

የመክፈቻው ቀን ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አዛውንቱ ባለሙያ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ሚስቱ ሕፃኗን አቅፋ ቆመች፤ ባለጸጋውም ለመሳቅ መጣ። ድንጋዩ ተነሣ፤ የታፈነው አየር እስኪወጣ ተጠበቀ፤ ሰውየው በገመድ ወረደ።

መሃል ላይ ያለው ማሽላ ደረቅ ነው። ደስታው ሊያስጮኸው ደረሰ። እጁን ወደ አንደኛው ግድግዳ ሲሰድ ግን ሙቀት ነካው። እህሉ ተጋግሯል፤ ሻግቷል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ሲቆፍር እዚያ ጋ የአሮጌ ዛፍ ሥር አግኝቶ ነበር። አዛውንቱ «ሥር ካገኘህ ቦታ ቀይር፤ ውሃው ሥሩን ተከትሎ ይገባል» ብለውት ነበር። እሱ ግን ሥሩን ቆርጦ፣ በእበት ለስኖ፣ «ምን ያመጣል!» ብሎ አለፈው።

ሽማግሌዎቹ የሚያዩትን እህል እንዲልክ ከላይ ቅርጫት ወረደለት። ጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ማንም አያየውም። ከመሃሉ ሞልቶ ቢልክ ያን ዕለት «ባለሙያ» ይባላል። እጁም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ግን ባለጸጋው ከላይ ሲያስል ሰማ። የባለጸጋው ልጆች፣ እረኞቹ፣ አሮጊት እናቱ ሁሉ በሐሳቡ መጡበት፤ ዛሬ ባለሙያ ከተባለ ነገ የነሱ ምግብ በእጁ ነው። ቅርጫቱን ከሻገተው ሞላና «ሳቡት!» ብሎ ጮኸ።

ቅርጫቱ ወጣ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ባለጸጋው ግን አልሳቀም። ሽታው ሲደርሰው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ከየት በኩል ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ከሥሩ በኩል ነው አባቴ። ነግረውኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሌላ ቆፍር።» አላሳለፉትም።

ያን ዓመት ቤቱ ከተረፈው ደህና እህልና ከዘመድ ድጋፍ እየበላ እንደ ምንም ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት የከፈተው ጉድጓድ ግን ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነበር። ሽማግሌዎቹ እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ አሸተቱና «ባለሙያ!» አሉት። በማግስቱ ባለጸጋው አህዮቹን ጭኖ፣ የሌሎቹን ባለሙያዎች ደጅ ሁሉ አልፎ እሱ ደጅ ላይ ቆመ።

«ያን ጊዜ እሺ ብትለኝ ኖሮ የሚሻግተው የኔ እህል ነበር» አለው። «ከእንግዲህ ካንተ በቀር ለማንም አልሰጥም።»

ሰውየው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በገበያው መሃል አለፈ። ሰውም ዞር ብሎ አየው፤ ይገባዋል!

እንግዲህ ትርሲት፣ ያ ትምህርት ያንቺ ጉድጓድ ነው። የግብሩን፣ የኢንሹራንሱን፣ የጡረታውን፣ የአክሲዮኑን ነገር አለማወቅሽ እዚያ ቢወጣ የምትከስሪው የራስሽን አንድ ዓመት ነው። ፈተና ብትወድቂ ማንም ጾሙን አያድርም። ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ቢወጣ ግን የሚሻግተው ያክስትሽ የጡረታ ገንዘብ፣ የጎረቤትሽ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ከነባር አማካሪ ሥር ሆነሽ ተለማመጂ የሚሉሽም፣ የደንበኛዬን ጥቅም አስቀድማለሁ ብለሽ ቃል የሚያስገቡሽም፣ አንቺም አንድ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ብቻሽን ስለምትሆኚ ነው።

ጎበዝ መሆንሽን ካስተማርኩሽ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እኮራብሻለሁም። የምስክር ወረቀትሽን የተቀበልሽ ዕለት የጡረታ ገንዘቤን ይዤ ደጅሽ ላይ የምቆመው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን ብትለምኚኝም አልሰጥሽም።